ለማታው ፈረቃ ተረካቢ

ቁልፎቹ እነዚህ ናቸው፣ ሃልቫር፤ ተቀበል፤
ሦስተኛው ይነክሳል፣ በግራህ አዙረው፣ አትታገል።
ማቀዝቀዣው ከምሽቱ አምስት ላይ ያጉረመርማል፤
አትደንግጥ፣ ልማዱ ነው፤ ቆየት ብሎ ዝም ይላል።
ስለ ዓሣው እኔ የማላውቀውን አንተ ታውቃለህ፤
ስለ ሰዉ ነው ይህን ወረቀት የጻፍኩልህ።

በዚህ ፊዮርድ ዳር፣ ፀሐይ ሁለት ወር በማትወጣበት፣
ሃያ ሁለት ሰው አለ፣ ዘጠኝ ቋንቋ፣ በአንድ ቤት።
እኔም ያኔ ስሾም፣ በመጀመሪያው ዓመት፣
"ለእኔ ሁሉም አንድ ነው" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ በኩራት።
ለሁሉም አንድ ቢላ፣ አንድ ጓንት፣ አንድ ዓይነት ጠረጴዛ፤
ከዚህ ወዲያ ፍትሕ ከየት ገበያ ይገዛ?

ጠረጴዛው ግን በኦድቫር ቁመት የተሠራ ነበር፤
ሱጋንቲ በእግሯ ጣት ቆማ ስትበልት፣ ትከሻዋ ሲዝል ሲሰበር
ስምንት ወር አየሁ። አየሁ ስልህ፣ አላየሁም።
ጓንቱም ለዳይንዩስ መዳፍ እንጂ ለእሷ አልተሰፋም።
እኩል ሰጠሁ ስል፣
ለካ፣ ሰው ሳልለካ ኖሯል።

በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የባንዲራ ቀን ደገስኩ፤
በየጠረጴዛው ላይ የየአገሩን ሰንደቅ ተከልኩ።
ምግቡ ተደረደረ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበ፤
አይሉ ሳህኑን ይዞ ዞረ፣ መሐል ላይ ቆሞ አሰበ፤
"የእኔ የቱ ነው?" አለኝ። አያቶቹ ከዚህ ፋብሪካ በፊት፣
ከመንገዱ በፊት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል በፊት
መረብ በጣሉበት ውኃ ዳር ቆሞ፣ ሳሚው አይሉ።
እንግዳ ሳስተናግድ ባለቤቱን ረሳሁት።

ይህ ቀላሉ ነው። አሁን ከባዱን ልንገርህ።

"ጥያቄ ያለው?" እል ነበር ሰኞ ማታ፤
"ተስማሙ" ብዬ እጽፋለሁ ከዝምታ።
ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኛ ወርቅ ግን
ሲመነዘር ምን እንዳወጣ ስማ።

ሱጋንቲ የማጓጓዣውን ቀበቶ ፉጨት ሦስት ሳምንት ሰምታለች፤
አንድ ጊዜ ቀደም ሲል ስለ ሌላ ነገር ተናግራ፣ አንዲት ቃል ስታለች፤
ኦድቫር ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፣ የልማድ ነበር።
እኔም ፈገግ አልኩ። እዚህ ላይ አስምርበት፣ ሃልቫር።

ቀበቶው ሐሙስ ተበጠሰ፤ የኦድቫርን የጣት ግማሽ ወሰደ፤
ደሙ በበረዶው ላይ፣ በዓሣው ላይ፣ ወደ ቦዩ ወረደ።
በሽርጧ ጠቅልላ እጁን አጥብቃ የያዘችው እሷ ነበረች፤
"ሰምቼው ነበር" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረች።

ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ከፍ ዝቅ የሚል ሆነ፤ ጓንት በየመጠኑ መጣ፤
እኔም ከስብሰባው ወንበር ተነሥቼ ወደየማሽኑ ዳር ወጣሁ።
ጠይቄ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ።
እውነቱ ብዙ ጊዜ ሰባት ላይ ነው የሚመጣው፤
አራት ላይ አፍህን ከከፈትክ፣ በቃ፣ አመለጠህ።

ኦድቫር ይቅርታ አላለም። እስከ ዛሬም አላለም።
ሃያ ዓመት ከመስኮቱ ሥር ያልነቀለውን ወንበር ግን
አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እየጎተተ አምጥቶ
ከሱጋንቲ አጠገብ ተቀመጠ፤ በጎደለው ጣቱ ዳቦውን ይዞ፣
"ቀበቶው ዛሬ እንዴት ነው?" አላት።
ይህን የምሞላበት ሣጥን ከሪፖርቱ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

አዲሷ ልጅ ህኒያንግ ትባላለች፤ ከበርማ ተራሮች ናት።
ስሟ በትንፋሽ ይጀምራል፣ ድምፁ ሳይመጣ በፊት፤
እኔ ሁለት ወር አበላሸሁት፤ አንተ ሰኞ ሳይደርስ
መኪናህ ውስጥ ብቻህን ሆነህ ደጋግመህ ጥራው።
ገና አልተናገረችም። አትቸኩልባት፤
ዝምታዋን ግን እሺታ ብለህ አትመዝግበው።

ፉጨት ከሰማህ፣ ከሁሉ በኋላ የሰማህ አንተ እንደሆንክ ቁጠር፤
ከአንተ በፊት ማን እንደሰማው ጠይቅ።
የመብራቱ ማጥፊያ በስተግራ ነው፣ ከካፖርቶቹ ጀርባ።

ቶሩን