ነቁጥ

በአኪታ ተራራ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣
ቡና የሚሉት ዛፍ አለ፤ የማይቆላ፣
የማይወቀጥ ቡና፤ ስሙ ብቻ የኛ፣
ግንዱ አመድማ፣ የቆመ እንደ ዳኛ።
ሲሞት ቶሎ አይወድቅም፤ ሬሳው ቆሞ
እንጉዳይ ያበቅላል፣ ደረጃ በደረጃ ተሸክሞ።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጤና ቢሮው በር ላይ፣
ነጭ ትሪ፣ ቢላዋ፣ አጉልቶ የሚያሳይ
መስታወት ዘርግታ ሺሆ ትቀመጣለች፤
ያገሩን ሰው ቅርጫት አንድ ባንድ ትፈትሻለች።
«ይሄ ይበላል። ይሄ ያስመልሳል። ያንን ጣይ።
ይሄን እኔም አላውቀው፤ የማላውቀውን አላበላም» ባይ።

ኪኑኤ መጣች፣ ቅርጫት አቅፋ እንደ ሕፃን፣
ከኋላዋ አስከትላ ባሏን ጌንፓቺን።
ጌንፓቺ! ሺሆን ልጅ ሳለች ጫካ ያስገባት፣
የእንጉዳይን ፊደል በጣቱ ያስቆጠራት።
«ባይንሽ ብቻ አትመኚ፤ ዐይን ይሸነገላል፤
ሰንጥቀሽ እዪው፤ ውስጡ መች ይዋሻል?»
ያላት ሰው ዛሬ፣ ወንበር ሲሰጡት፣
ይቀመጣል፣ ይነሳል። ስሟንም ጠየቃት።
ቆይቶ ደገመ። ደግሞም ሠለሰ።
«ሺሆ ነኝ» አለችው፤ ድምጿ ብቻ ቀነሰ።

«ከወንዙ ማዶ ነው፣ ከዚያችው ደረቅ ቡና፣
አርባ ዓመት ከለቀመባት። ሙኪታኬ ነውና
ለሾርባ አስቤው ነበር። ብቻ አንቺ እዪልኝ።»
ጠጋ ብላ ደግሞ፦ «ክፉ ከሆነ፣ እሱ ፊት አትንገሪኝ።»

ሺሆ አንዱን አነሳች። ቆቡ ቡኒ፣ ወፍራም፤
እግሩ አጭር፣ ወደ ጎን፤ ሽታው ክፉ አይደለም።
ከሥሩ ቅጠል በቅጠል፣ እንደ ነጭ መጽሐፍ
ገና ማንም ያልገለጠው፣ ያልተጻፈበት ደብተር ጠርዝ እንደ መጣፍ።
ሙኪታኬ ቢሆን ቆዳው ባልከበደ፣
በጥፍር ሲቆነጥጡት ተገፎ በሄደ።
ይሄ አልላጥ አለ። እግሩ ላይ ቀለበት፣
እንደ ደረቀ ኩሬ ዳር፣ ስስ ድንበር አለበት።
ቢላዋውን ወስዳ ከእግሩ እስከ ቆቡ
ሰነጠቀችው። ከነጩ ሥጋ ከልቡ፣
እግርና ቆብ ከሚጋጠሙበት፣
ጥቁር ነቁጥ፤ ብዕር የተረሳበት።

እኛ ብንሆን የጅብ ጥላ ብለን እናልፍ ነበር፤
ጅብ በሌለበት አገር ስሙ ሌላ ነገር።
ሺሆ ታውቀዋለች። ከአፏ ግን አልወጣም።

ኪኑኤ አየችው። «ከደበርጃን ጋር ብቀቅለው?
የድሮ ሰዎች መርዙን ይመጠዋል ይሉ ነበር...»
ጥያቄው ስለ ደበርጃን አልነበረም።

«አባባ፣ እስቲ ወዲህ ይምጡ» አለች፤
መጥረጊያና ባልዲ ወዳለበት ጠባብ ክፍል መራች።
ሦስቱም ገቡ። በሩን ዘጋች። ጨለማ።
የኪኑኤ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማ።
አንድ ደቂቃ። ሁለት። ምንም የለም፣ ምንም።
ዐይን ጨለማን ለመልመድ አይቸኩልም።
ከዚያ ከቅርጫቱ፣ ከቅጠሎቹ መሐል፣
አረንጓዴ አይሉት ነጭ፣ አንዳች ነገር ይበራል፤
የማይሞቅ፣ ጥላ የማይጥል፣ እጅ የማያሳይ፣
ለራሱ ብቻ የነቃ፣ የግንድ ላይ ሰማይ።

«የጨረቃ ሌሊት!» አለ ጌንፓቺ፣ ድምጹ እንደ ወትሮው፣
«የቱ ሞኝ ነው ይሄን ከቅርጫት የጨመረው?
ሺሆ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ሰንጥቂው አላልኩም?»

ስሟን ጠራ። ሴቶቹ አልተነፈሱም።

«ይቅርታ፣ አጠፋሁ» አለች ኋላ ሺሆ፣
ማንም በማያይበት አንገቷን ደፍታ።

በሩ ሲከፈት ጠፋ፤ የእንጉዳዩም፣ የሌላውም።
ጌንፓቺ ባልዲውን አየ። መጥረጊያውን አየ።
«ቤታችን ሩቅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ኪኑኤ ቅርጫቱን ከማስወገጃው ገልብጣ
አንዱን በመሐረብ ጠቀለለች፣ ቀስ ብላ።
«አልቀቅለውም» አለች፣ ሳትጠየቅ።
«ማታ መብራት ላጠፋ ነው።»

ደንቡ አይፈቅድም። ሺሆ ወደ መስኮቱ ዞረች።
መዝገቡ ላይ ግን፦ ሃያ ሦስት እንጉዳይ፤ ሁሉም ተወገደ።