ሰሙ እስኪላጥ

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ቪላ ዶ ኮንዴ ላይ፣
ጉሙ ከአትላንቲክ ተነስቶ፣ ሲገባ ማንም ሳያይ፣
ዎርዱ ገና እንደተኛ፣
ከሁሉ ቀድማ ትነቃለች፣ የአልጋ ሰባት ህመምተኛ።

ዶና አዶሲንዳ ትባላለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ።
ስልሳውን ዳንቴል ሠርታበታለች፣ በዚያ በቀጭን ጣቷ፤
አርባ እንዝርት በአርባ ክር፣ ሲንኳኳ ልክ እንደ ዝናብ፣
አፏ ወሬ ሲያወጋ፣ ጣቷ ብቻውን ሲያነብ።

ዛሬ ጣቶቿ በአንድ ወገን አዘንብለዋል፣
ነፋስ እንደገፋው የባሕር ዳር ጥድ፤
አንጓዋ ጭስ አልባ ይነዳል፣
አመድ እንኳ የማይወልድ።
ያላለቀው ዳንቴል ቁም ሳጥኗ ውስጥ አለ፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣
የማዕበል ንድፍ ነበር፤ ግማሽ ማዕበል የሆነ።

ሐኪሙ ትናንት መጥቶ፣ ራጇን ወደ ብርሃን አንስቶ፣
«መገጣጠሚያው ተበልቷል» ብሎ ሄደ፣ የቀረውን ለእኔ ትቶ።
ኪኒኗ በሳምንት አንዴ ነው፣ ሐሙስ፤ ደግማ እንዳትውጥ እቆልፍበታለሁ፤
ማታ ማታ ጣቶቿን በድጋፉ ላይ አስተኛለሁ።
ይህን ሁሉ ተምሬዋለሁ።
ጠዋቱን ግን ማንም አላስተማረኝ።

«ህመሙ ከዜሮ እስከ አስር፣ ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣
በጎን ዓይኗ አየችኝ፣ ሳታበዛ ቃላት፤
«ሚዛን የዓሣ ነው። ጻፊ፦ እንደ አሮጌ በር፣
እርጥበት እንዳሳበጠው፣ ጠዋት ሲገፉት የሚያስቸግር።»
ጻፍኩት። በቅጹ ጠርዝ፣ ቦታ ባልተሰጠው።

ከዚያ ሰሙን አቀልጣለሁ፣ ሙቀቱን ደግሜ ለክቼ፣
እጇን ነክሬ አወጣለሁ፣ ከትንፋሿ ጋር ተስማምቼ፤
ሽፋን በሽፋን ሲደረብ፣ ነጭ ጓንት ይሆናል፣
በፎጣ እጠቀልለዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ይቆጠራል።

ሃያ ደቂቃ! አስራ አራት አልጋ በእኔ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣
ቤልሚሮ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ዳሌው ትናንት የተተከለ፣
በጉልበቶቹ መሃል ያኖርኩትን ትራስ ወዲያ እየጣለ፣
«እግሬን ባጣምር ምን ቸገራችሁ? እግሬ ነው!» እያለ፤
በዘጠኝ ቁጥር ያለችው ልጅ፣ እግሯ በጀሶ የታሰረ፣
ጥፍሯን ጫን አድርጌ ስለቅ፣ ደሙ ቶሎ ካልተመለሰ ነገሩ የከረረ።

ሰሙ ሲላጥ፣
ከአንጓ ወደ ጥፍር ሲንሸራተት፣ እጇ ሲገለጥ፣
ሮዝ ነው፣ እርጥብ ነው፣ አሁን እንደተወለደ።
ቅኔ አዋቂ ቢያየው ወርቁ ይህ ነው ይል ነበር፤ እኔ ያየሁት
አውራ ጣቷ ወደ ሌባ ጣቷ፣ የፀጉር ያህል እንደሄደ።

ሸሚዟን ያዝኩ፣ ልቆልፍላት፣ ጥቂት ጊዜ ላተርፍ፣
«ተዪው» አለች። «ቁልፌን እኔው ልቆልፍ።»
ተውኩት። ከባዱ ሥራ ያ ነበር።
ማንሳት አይደለም፤ ማገላበጥም አይደለም፣ የአልጋ ቁስል እንዳይፈጠር፤
ከባዱ፣ እጅን አጣጥፎ ከአንድ ቁልፍ አጠገብ ማደር።

አመለጣት። ደግማ ያዘችው። አመለጠ።
የግድግዳው ሰዓት ስድስት ደቂቃ ዋጠ።
ቤልሚሮ ተጣራ። አልሄድኩም።
ጉሙ ከመስታወቱ ሸሸ፣ የወደቡ ክሬን ብቅ አለ፣
እሷ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቁልፉ እንደ ዓሣ እያሟለጨ፣ እያታለለ፤
በአስራ አንደኛው ደቂቃ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።
ማንም አላጨበጨበም። እሷ አልሳቀች፣ እኔም የለኝ እንባ።

ልነሳ ስል ወገቤ ጮኸ። በእጄ ከኋላ ደገፍኩ፤
«ስንት ነው? ከዜሮ እስከ አስር?» አለችኝ። አልመለስኩ።
«ትናንት ያን ግዙፍ ሰውዬ ስታነሺ አየሁሽ፣ በወገብሽ፤
ጉልበትሽን እጠፊ፣ ልጄ። አንቺን ማን ያገላብጥሽ?»

«አልጋ ሰባት፦ አንድ ቁልፍ፣ ያለ እርዳታ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከታች
ስሜን ፈረምኩ፣ ኦቲሊያ።
ቀና ስል
ሁለተኛውን ጀምራለች።