የፊውዙ ቤት

ጉሙ ከጣርማበር ቁልቁል ተንከባሎ
እንደማይገዛ ሰው ከሱቄ ደጅ ውሎ፣
የደሴ መኪኖች በቀን መብራት አብርተው
ጥሩምባ ሲነፉ ዳገቱን ተጠግተው፣
ባለሆቴሏ እንጉዳይ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣
ያንን ሬዲዮ አመጣች ከጀርባዋ አዝላ።
«ምን ሆነ?» አልኳት።
«አረጀ፤ እንደ እኔና እንዳንተው፤
ያጉረመርማል፣ ይግላል፤ ቃል ግን አይወጣው።»

የጀርባ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ
አቧራውን እፍ አልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከፍቼ።
አርባ ዓመት የሆቴል ጢስ፣ የበረሮ ክንፍ፣
የተቃጠለ ሰም፣ ሽታው የሚገርፍ።
ካፓሲተሮቹ ሆዳቸው አብጧል፤
ትራንስፎርመሩ ጠቁሯል፣ አሯል፣ ቀልጧል።

ካፓሲተር ደግሞ ገመዱ ተነቅሎም አይሞትም።
ኩርፊያ እንዳቆየ ሰው ዝም ብሎ እያየ
የነካውን ይነክሳል፣ ቀን እየቆየ።
ስለዚህ በሽቦ አፉን ካፉ አገናኝቼ
ቂሙን አስተፋሁት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽቼ።

ከዚያ የፊውዙን ቤት ጠምዝዤ ስከፍት
ፊውዝ የለበትም። ብልጭ አለ አንድ ወረቀት፦
የሲጋራ ብርማ፣ በጣት ተጨምቆ፣
መበጠስ ሲገባው ድልድይ ሆኖ ጠብቆ።
«ማነው ይሄ ጅል!» አልኩ፣ «ማነው ይሄ ደፋር!
ፊውዝ ዘበኛ ነው፣ ቀድሞ የሚሞት በበር፤
ይሄ ግን ዘበኛ አሰናብቶ፣ በር ከፍቶ፣
ለሌባ አነጠፈ፣ ና ግባ ብሎ፣ አብርቶ!»

እንጉዳይ ምንም አላለች። ጉሙን ታይ ነበር።

ሦስት ቀን ጠመጠምኩ ፀጉር መሳይ መዳብ፣
ዙሩን በቃል ቆጥሬ፣ እንደ ድርሳን ንባብ።
ሰባት መቶ አርባ አንድ፣ ሰባት መቶ አርባ ሁለት፣
«እንዴት ዋልክ፣ ሸዋንግዛው!» ይላል አንዱ በድንገት፣
«ልጆቹስ? ወገብህስ? ያ ጥጃስ አደገ?»
ባልመልስ ነውር ነው፤ ብመልስ፣ ቁጥሩ ጠፋ።
ፈታሁት። ከአንድ ጀመርኩ፣ ምንም ሳልል፣ በተስፋ።

በሦስተኛው ቀን የብረት አካሉን
በአረቄ ሳሸው፣ ሳወልቅ ዝገቱን፣
ከሥሩ ብቅ አለ የእርሳስ ጽሕፈት፦
«ሸ. ወ. ደብረ ሲና። ሰኔ ሰባ ስምንት።»
ጎባጣዋ «ሸ» የእኔ ናት። ወዴት ልሽሽ?

ትዝ አለኝ። የዋንጫ ሌሊት። ሆቴሉ ጢም ብሎ፣
ሾፌር፣ ወታደር፣ አስተማሪ፣ በመስኮት ተንጠልጥሎ፤
ድንገት ጸጥ አለ። «ያ ልጅ የት አለ?» አሉ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ፊውዝ ከየት በሌሊት?
ደብረ ብርሃን ድረስ ማን ይሄዳል ለአንድ ብልቃጥ ክር?
ከሾፌሩ ፓኮ ኒያላ ብርማ ቀደድኩ።
ጎል ተሰማ። ተሸከሙኝ። ስሜን በእርሳስ ጫርኩ።
«ነገ እቀይረዋለሁ» አልኩ።
ነገ።

እንጉዳይ ስትመጣ ነገርኳት፣ መሬት መሬት እያየሁ።
ሳቀች። «ትሪ ይዤ ከኋላህ ነበርኩ፤ አይቻለሁ።
ልጄ አዲስ ልግዛልሽ ቢለኝ፣ ጣይው ቢለኝ፣ እምቢ ያልኩት፣
ያሰረው ይፍታው ብዬ ነው ወዳንተ ያመጣሁት።»

አዲስ ካፓሲተር፣ እውነተኛ ፊውዝ አስገብቼ
መቶ ሻማ አምፖል ከገመዱ መሐል ቀጥዬ ሰክቼ፣
(ሰው ሁሉ ብርሃን ሲደምቅለት ደስ ይለዋል፤
እኔን ግን ይህ አምፖል ሲደምቅ ሆዴን ያመኛል፦
ከደመቀ፣ ውስጡ ገና በሽታ አለ፤
ከደበዘዘ ግን...) ማብሪያው ቋ አለ።
ቦግ! ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ ከስሎ
ወረደ፣ ወረደ፣ ቀይ ክር ብቻ መስሎ።

«ውይ፣ ጠፋ!» አለች።
«ዳነ» አልኳት።

ቫልቮቹ ሞቁ። ማጉረምረሙ ቀርቶ
የአንድ ሰው ድምፅ መጣ፣ የስንዴ ዋጋ አንስቶ።
«ስንት ልክፈል?»
«የፊውዙን ብቻ።»
«የኒያላው ብርማስ?»
ከኪሴ አወጣሁት፣ ጠቁሮ፣ ተኮማትሮ።
ተቀበለችኝ። ከመቀነቷ ጫፍ አኖረችው፣ በቋጠሮ።