የግማሽ ሰከንድ ሰው

በሦስት ካሚዮን መጡ፣ ካሜራ ጭነው፣
ዛምባሌስ ዳርቻ፣ አሸዋው ነጭ ከሆነው።
የጦርነት ፊልም ልንሠራ ነው አሉ፤
የእኛ የጦርነት መቃብሮች ገና ሣር አላበቀሉ።

«ሰው እንፈልጋለን፣ ጠላት የሚመስል፣
ከሩቅ ሲያዩት ከጃፓን የሚመሳሰል።
በቀን ሁለት ፔሶ፣ ምሳ ሩዝ በዓሣ፣
ለሚሞት ተጨማሪ ሃምሳ ሴንታቮ ካሣ።»

አባቴ ክሪስፑሎ ሰልፉ ውስጥ ገባ፤
ሦስት ዓመት በዱር፣ ያለ ጫማ ያለ ካባ
ጃፓንን የተዋጋ፣
እርሳሱ ግራ ትከሻው ውስጥ የቀረ፣ እንደ ዘር ከሥጋ፣
የጃፓን መለዮ ለበሰ።
እናቴ አየችው፤ ምንም አላለችም፤ የያዘችው ውሃ ፈሰሰ።

ሰኞ በቦንብ ሞተ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ፤
ማክሰኞ ተኩሰው ጣሉት ከኮኮናት ዛፍ፤
ረቡዕ ሁለት ጊዜ፤ የመጀመሪያው ሞቱ በደንብ አልተቀረጸም፤
ሐሙስ እየጮኸ፣ በማያውቀው ቋንቋ፤ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም።

«መሞት እንዴት ነው?» አልኩት፣ ማታ እግሩን ሳጥብ።
«አሸዋው ይሞቃል። ከባዱ፣ ዝንብ
ፊትሽ ላይ ሲያርፍ ዝም ማለት ነው» አለና ሳቀ።
ሳቁ ሳያልቅ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወደቀ።

ጀግናው ረጅም ነበር፤ ፀሐይ የማትነካው፣
ጥላ ያዥ ልጅ እርምጃውን በእርምጃ የሚለካው፤
ላቡን እንኳ በጠርሙስ አምጥተው ነው የሚረጩለት።
ደሴታችንን ብቻውን ነጻ አወጣት፣
ከቁርስ እስከ ምሳ።
ስለ እኛ የዱር ሰዎች ወረቀቱ ቃል አላነሣ።
አንድ ፊሊፒናዊ አለ፤ ውሃ ተሸካሚ፣ «እሺ ጌታዬ» የሚል፤ እሱንም የሠራው ከካሊፎርኒያ የመጣ፣
ፊቱን ቡናማ ተቀብቶ ለቀረጻ የወጣ።

ዓርብ፣ ለስድስተኛው ሞት፣
ወንዙ ዳር አሰለፏቸው፣ ከቀርከሃው ሥር፤
በሌላ ዓመት፣ በሌላ ጥይት፣ ወንድሙ መልኪያደስ ከወደቀበት ምድር።
ፊሽካ። ተኩስ። ጭስ። ሃያ ሰው እንደ ሣር ታጨደ፤
አባቴ ቆሞ ቀረ፤ አልሸሸ፣ ወዴትም አልሄደ፤
አልወደቀም።

«ሞተሃል እኮ! ተኛ!» ብሎ ጮኸበት ባለ ድምፅ ማጉያው፤
አስተርጓሚው አለዘበው፤ «ወንድሜ፣ እባክህ ሙት» አለ፤ ትርጉሙ ያው።
አባቴ መለዮውን አወለቀ፤ አጥፎ ድንጋይ ላይ አኖረው፤
የቀኑን ሁለት ፔሶ ሳይቀበል፣ በባዶ ደረቱ ወንዙን ተሻገረው።

ፊልሙ ኦሎንጋፖ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ፤
ሲኒማው ሞላ፤ ልጅ በልጅ ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ።
ጀግናው ሲናገር ማን ይስማው! ዐይናችን ከሚወድቁት ላይ ነበር፤
«ያውና ኤውሴቢዮ!» «ያውና ዳቦ ጋጋሪው!» የጠላት ሬሳ በክርስትና ስሙ ሲጠራ ነበር።

ከዚያ ወንዙ መጣ። ቀርከሃው፣ ጭሱ፤ ሃያ ሰው ታጨደ፤
በስተግራ፣ ከሸራው ጠርዝ፣ አንድ ሰው ቆሟል፤ ግራ ትከሻው ትንሽ የወረደ።
ግማሽ ሰከንድ።
የፊልም ቆራጩ መቀስ ያላየው፣ ወይ አይቶ የተወው።
እናቴ ክንዴን ጨመቀች፤ መጨረሻውን አላየነው።

አባቴ አልመጣም ነበር፤ መረብ ሲጠግን አመሸ።
«ታየሁ?» አለን ስንገባ፤ ዐይኑ ግን ከእኛ ሸሸ።
«ቆመህ» አለችው እናቴ።

ዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። የልጅ ልጄ ሊቶ በስልኩ አገኘልኝ፤
ጣቱን ስክሪኑ ላይ ጭኖ ያንን ግማሽ ሰከንድ አቆመልኝ።
ፊት የለውም፤ ጭጋግ ነው፤ ሩዝ የሚያህሉ ነጠብጣቦች።
ከመጨረሻው የስም ዝርዝር ፈለግነው፤ አሉ መብራት ያዦች፣
ጸጉር ሠሪዋ አለች፤ የጀግናው ውሻ እንኳ በስሙ ተጽፏል፤
ለእነ አባቴ አንድ መስመር፦ «የጠላት ወታደሮች» ይላል።

«አያቴ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ አራት በመቶ ቀረኝ» ይለኛል።
አንዴ ብቻ መልሰው፣ ልጄ፤
ገና አልወደቀም።