ያመለጠች ክር

ረቡዕ ማታ፣ ሦስት ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፤
ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ዓይኔ ብቻ ቀርቶ ከራሴ፣
ግቢውን ሮጬ አቋርጬ ያከራዮቼን በር ስመታ፣
«ና ግባ መምህር፣ ጀምሯል! ግብጽን ያሳያል ዛሬ ማታ።»

ባትሪ የያዙ ሰዎች ጎንበስ ብለው ደረጃ ይወርዳሉ፤
ተራኪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ከበሮዎች ይከተላሉ።
እኔ ደብተሬን ገልጬ፣ ነገ ዘጠነኛ «ሐ» አለብኝ፣
እጽፋለሁ፤ የንጉሡ ስም፣ ዘመኑ እንዳያመልጠኝ።

ጋሽ ወንድይራድ ግን ወርቁን አያዩም፣ የንጉሡንም ዙፋን፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በብርድ ልብስ ፋብሪካ የከረመ ዓይን
ከሬሳው ጨርቅ ላይ ያርፋል፤
«ቆይ እስቲ!» ለማይቆመው ሥዕል፤ ጣታቸው መስተዋቱን ይዳብሳል፤
«ድሩ ቀጭን፣ ማጉ ወፍራም። እዚህ ጋ ግን፣ ይታይሃል?
አንዲት ክር አምልጣዋለች። ሸማኔው ቸኩሏል።»

ባለፈው ሳምንት በሮማ አንዱን ሹም በጩቤ ሲወጉት
«ያን የመሰለ ኩታ!» ብለው ከልባቸው አዘኑለት፤
የሞንጎሎቹን ድንኳን አይተው «የኛ የመንዝ ባና ይሻላል»
ብለው ፈረዱ። እትዬ አጸደ «ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ከፈን ይለካል?»
አሏቸው። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤
ደብተሬ ላይ ግን ስለ ክሯ ምንም አልጻፍሁ።

ድንገት መብራት ሄደ። ንጉሡ ዳግመኛ ተቀበረ።
ጠባሴ በሞላ ጠቆረ፤
ማንም ከወንበሩ አልተነሣ፣ ሻማ ፍለጋም አልነበረ።
ከጨለማው ውስጥ ድምፅ መጣ፣ እንደ ተራኪው ያልተሞረደ፦
«በሰባ ስምንት ክረምት ነው፤ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ፤
የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ዘበኛው መጥቶ ‹ሴት ልጅ!› ሲለኝ እጄ ሳተ፤
ክር አመለጠኝ፤ ማሽኑ ደግሞ ጨርቁን ይዞ ጎተተ።
ግራጫ፣ ባለ ቀይ መስመር። ተቆጣጣሪው ሳያይ አለፈ፤
ተሸጠ። ማን ለብሶት እንደሚተኛ፣ የትስ ወድቆ እንደ ረገፈ፣
እንጃ። ሺህ ዓመት ቆይቶ ባትሪ የያዘ ሰው ቢያገኘው፣
ተራኪው ‹የደርግ ጊዜ ነው› ይላል፤ እሱስ እውነት ነው።
‹ዘነቡ የተወለደች ዕለት› የሚል ግን ከወዴት ይመጣል?»

እትዬ አጸደ በጨለማው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

በስልኬ መብራት እየተመራሁ ወደ ክፍሌ ተመለስሁና
አልጋዬን ገለጥሁ፤ ብርድ ልብሴን አየሁት እንደገና፤
ቀይ መስመር ፈለግሁ። የኔ ከውጭ የመጣ ነው፣ ነብር የተሳለበት፣
እንደ ድመት ልስልስ ያለ፣ ክሩ እንኳ የማይታይበት።
ቢሆንም ዳበስሁት።

እኩለ ሌሊት ላይ መብራት መጣ። ከግቢው ማዶ
ሳይጠፋ የቀረው ቴሌቪዥን ያወራል፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፤
ስለ ሌላ ንጉሥ ነው መሰለኝ።
ካባውን ማን እንደ ፈተለው
ሳልሰማ እንቅልፍ ወሰደኝ።