ያልተነበበ አሻራ

ለገሃር፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ከቆመ ሰንብቷል፤
የታመመው ሁሉ በደረጃው እያረፈ ይወጣል፤
ከላይ የደረሰ እንደሆነ፣ "ትንፋሽህስ ደህና ነው" ይባላል።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ወንበሬ ከመስኮቱ ጥግ፤
ከታች የባቡሩ ጥሩምባ፣ ከፊቴ የሰብሳቢው ሕግ።

"ተራ ቁጥር አንድ፦ የሲሚንቶ አቧራ፣ ሳንባ ካጠጠረ።"
ጸደቀ።
"ሁለት፦ የእርሳስ መርዝ፣ ፊደል ለቃሚ፣ ደሙ ከተመረመረ።"
ጸደቀ፤ ሰውየው ግን አምና ሰኔ ተቀበረ።
"ሦስት፦ የመምህር ጉሮሮ።" ለሻይ ተነሣን፤ ሦስት አደረ።

ከሻይ መልስ፦
"ስም?" "ትርፌ።" "የአባት?" "ጉደታ።"
"ሥራ?" "አንሶላ አጣቢ፣ ከስታዲየም ጀርባ፣ ሆቴሉ ምድር ቤት፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በበረኪና፣ ከጠዋት እስከ ማታ።"
"ፈርሚ።" "አልተማርኩም።" "እንግዲያው አውራ ጣትሽን።"
ቀለሙን ነክታ ተጫነች፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው
እንደ ተላጠ ድንች ልስልስ፣ መስመር የሌለው ክብ ነው።
ደገመች። ሌላ ጣት። ሌላ እጅ።
ዐሥሩም ያው።

"አሻራው አይነበብም፤ ማመልከቻው አይሞላም።
ለመሆኑ ሕመምሽ ምንድን ነው?"
"አሁንስ አያመኝም፤
የቆሰለው ድኗል ጌታዬ። ብቻ፣ ባንክ አያውቀኝም፤
ለመታወቂያ ብሄድም፣ መሣሪያው 'ሰው የለም' አለኝ።"

ሐኪሙ ሠንጠረዡን ገለጠ፣ ጣቱን በመስመር እየነዳ፦
"ቁስለት አለ። ማሳከክ አለ። ሽፍታ አለ፣ በሳሙና በሶዳ።
የአሻራ መጥፋት ግን..." የአሠሪው ተወካይ ሳቀ፦
"አሻራ ከሌላት፣ እሷ መሆኗስ በምን ታወቀ?"

"ካሳ..." ብሎ ሰብሳቢው ገና ሳይጨርስ ቃሉን፣
በሩ ተከፈተ፤ አንድ ልጅ አሾለከ ጭንቅላቱን፦
"አቤት!"
ዞራ አየችው፦ "አንተን አይደለም፤ ሂድ፣ ውጭ ጠብቅ።"
ከዚያ ወደ እኛ፦ "ልጄ ነው። ታላቁ በሞተ በዓመቱ መጣ፤
ካሳ አልሁት። ከሱ ሌላ ካሳ እስከ ዛሬ አላውቅ።"

ይህንን አልጻፍሁም።
የጻፍሁት፦ "ተጨማሪ ማስረጃ ታቅርብ፤ ለጥቅምት ተቀጠረ።"

አመሻሽ ላይ፣ ግልባጩን ይዤ ወደ ታክሲው ስሄድ፣
ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ገመድ፣
ነጭ በነጭ።
የስንቱን እንግዳ እድፍ አስለቅቃ፣ በቦዩ ሰደደች፤
አንድ ቀን፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ፣
እሷም አብራ ወረደች።

ጎዳናው ላይ ቆሜ ግልባጩን ገለጥሁት፤
"ማስረጃ ታቅርብ" ከሚለው በላይ፣ ዐሥሩን ጥቁር ክብ አየሁት።

ታክሲው ሞላ።
ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የመምህሩ ጉሮሮ አለብን።