የዕረፍት ምልክት

ኖታ ስገለብጥ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፤
የአውሊስ እጅ ጽሑፍ በጨለማም አይጠፋኝ።
ሲከፋው ይቀጥናል፣ ደስ ሲለው ይወፍራል፣
ቀለም ሲያልቅበት በእርሳስ ይጨርሳል።
የሲርካ ግን ነጠብጣብ፣ ልክ የዶሮ ጭረት፣
ለእኔ ሳይከፍሉኝ ዓይኔን አስከፈሉት።

ካላቬሲ ሐይቅ በጥር ሲደነድን፣
ባልዲውን እኔ ይዤ ዓሣ ልናጠምድ ሄድን።
እኔ በረዶውን በመሰርሰሪያ ስበሳ፣
እነሱ በርጩማ ላይ፣ የቆየ ወቀሳ።

«ደስታማ ላይ ላዩን ነው» አለ አውሊስ ክሩን ለቆ፤
«ዜማ ይዞ የሚመጣ ይመለሳል ጠልቆ፤
ከሥር ነው ኀዘኑ፣ ከሥር ነው ቁም ነገር።»
«ከሥር ያለው ዓሣ ነው፤ ብትይዝ ጥሩ ነበር።»
አልያዘም።

ያን ጊዜ በረዶው ከዳር ዳር አቃሰተ፤
ወፍራም ድምፅ ከእግራችን ሥር ሄዶ ማዶ ሞተ።
«ሬ ነው» አለ አውሊስ ክሩን እንደያዘ።
«ሚ ነው! ጆሮህም እንደ እግርህ ደነዘዘ።»
እስኪመሽ ተጣሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

የመጨረሻ ሥራው፣ ለትምህርት ቤት ባንድ፣
አሥራ ስድስት ጥሩምባ፣ ትሮምቦን ደግሞ አንድ።
ስገለብጥ አየሁት፣ አርባ አንደኛው ቤት፣
ለሁሉም መሣሪያ ያለ ድምፅ፣ ባዶ ቤት።
«ረስተሃል» አልኩት። «አልረሳሁም፣ ዕረፍት ነው።»
«ታዲያ ማን ያርፍበታል?» ሣቀ፤ «ለመጣ ሰው።»

በመጋቢት፣ ሐይቁ ሳይከፈት፣ ዐረፈ።
«ማን ያርፋል» ያልኩት ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ተረፈ።

በግንቦት በአዳራሹ ልጆቹ ሲነፉ፣
አርባኛውን ጨርሰው ባዶው ቤት ላይ ዐረፉ።
የመምህሯ እጅ አየር ላይ። ሳል የለም። ወንበር እንኳን ጭጭ።

ያን ጊዜ ቬሳ፣ ያ ትሮምቦን የሚነፋው፣
ትንፋሽ ልሳብ ቢል፣ የፊት ጥርስ የሌለው፣
በድዱ ክፍተት ፉጨት፣ ቀጭን፣ ያልታሰበ፣
አምልጦት አዳራሹን እንደ ወፍ ከበበ።

መጀመሪያ ሲርካ ናት፣ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣
ሣቋን የለቀቀችው፤ ተከተላት ቬሳ፤
ሕዝቡም፤ አርባ ሁለተኛውም በሣቁ ላይ ገባ፣
እያነከሰ፣ ደምቆ፣ ከነዛገው ጥሩምባ።

ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን እየጠረገች፣
«የልጁ ፉጨት» አለች፣ «ሬ ነው» አለች።
«ያኔም ሬ ነበረ፤ አውቄ ነው የካድኩት።
ስለ ጥልቀቱ ግን አሁንም አልተረታሁለት።»

ሌላ ባንድ ሲጠይቅ፣ ዛሬም ስገለብጠው፣
ያን ቤት በሩን ሳልዘጋ ነው የምተወው።